አማካዩን ስትጽፉ መወዛወዙንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር ካላነበብኳችሁ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም። ይህን የምጽፈው ግን ለማመስገን አይደለም። ለመውቀስም አይደለም፤ ትንሽ ወቀሳ ግን አይጠፋውም።

በቅርቡ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ጉዳዩ የእኔም ነው። ቤቴ ጀሞ ነው፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ። ዘገባው ላይ «ተሳፋሪው በአማካይ ይህን ያህል ደቂቃ ይሰለፋል» የሚል ቁጥር አለ። ከነነጥቡ! ከነጥቧ ቀጥሎ አንዲት አሃዝ ተቀምጣለች። ስንት ሰው ተጠየቀ? የት የት ተጠየቀ? አንድ መስመር የለም። ባለቤቴ «ምን አስጨነቀህ፣ ሰልፉ እንደሆነ በቁጥር አያጥር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ነገሩ እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

በወጣትነቴ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ወፍራም መጠይቅ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ወንዝ እየተሻገርኩ፣ ከቤት ቤት ስዞር ነው ዕድሜዬ የሄደው። እናቶች ያንን ሁሉ ጥያቄ መልሰው ሲጨርሱ «ይሄን ሁሉ ጠይቀኸኝ አሁን ምን ታመጣልኛለህ?» ይሉኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ ሌሎች የሰበሰቡትን እተነትናለሁ። እግሬ አርፏል፣ ወገቤ አላረፈም።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። ዘገባችሁን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ቆይታ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። ሰልፍ ስገባ ሰዓት አያለሁ፣ ታክሲው ውስጥ ስቀመጥ ደግሜ አያለሁ። 12 የሥራ ጠዋት መዘገብኩ። በደቂቃ ይኸውላችሁ፦ 5፣ 8፣ 10፣ 12፣ 12፣ 15፣ 15፣ 18፣ 20፣ 25፣ 30፣ 70። ከትንሽ ወደ ትልቅ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ፤ ቀኖቹማ እንዲህ ሥርዓት የላቸውም። 70 ደቂቃ የቆምኩት ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ያደረ ሰኞ ነው። ጫማዬ እስከ ማታ አልደረቀም። ድምሩ 240 ነው። ለ12 ሲካፈል 20 ደቂቃ።

እሺ፣ 20። ግን ሌላ 12 ጠዋት ብመዘግብ ያው 20 ይመጣ ነበር? አይመጣም። 16 ሊመጣ ይችላል፣ 26 ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ ስንት ይወዛወዛል የሚለው ነው ጥያቄው። በሙያችን ስታንዳርድ ኤረር የምንለው ይህንኑ የመወዛወዝ መጠን ነው። ስህተት ይባል እንጂ ማንም አልተሳሳተም፤ ናሙና በተፈጥሮው እንዲህ ነው።

በትክክል ለማወቅ ሌላ 12 ጠዋት፣ ደግሞ ሌላ 12፣ እንዲህ እያልኩ መቶ ጊዜ መድገም ነበረብኝ። 1,200 የሥራ ቀን ማለት ነው። አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። እስከዚያ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ልጄን ድረው ሠርጓ ላይ ይጠሩኛል።

ስለዚህ ጣሳ አመጣሁ። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ። 12ቱን ቁጥሮች በ12 ቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ አጣጥፌ ከተትኩ። ሁለተኛዋ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ እሷን ዕጣ አውጪ አደረግኳት። አንድ ታወጣለች፣ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ወረቀቷን አጣጥፋ ትመልሳለች፣ ጣሳውን ትነቀንቃለች። እንደገና ታወጣለች። 12 ጊዜ ሲሆን አንድ ዙር ሞላ እንላለን፤ የዙሩን አማካይ አሰላለሁ።

ሦስተኛዋን ወረቀት እንዳወጣች ቆም አለች። «አባዬ፣ የወጣው ለምን ይመለሳል? ዕቁብ ላይ የደረሰው ሰው ስሙ አይመለስም እኮ።»

ጎበዝ! ጠቅላላ ነገሩ እዚህች ላይ ነው ያለው። በዕቁብ ሕግ ብንሄድ፣ 12 ወረቀት ካለው ጣሳ 12 ወረቀት ማውጣት ጣሳውን መገልበጥ ብቻ ነው። ድምሩ ሁልጊዜ 240፣ አማካዩ ሁልጊዜ 20። ምንም የሚወዛወዝ ነገር አይኖርም። ወረቀቷ ስትመለስ ግን 15 ሦስት ጊዜ ሊወጣ ይችላል፣ 8 ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። እያንዳንዷ ወረቀት የአንድ ጠዋት ብቻ ሳትሆን እሷን የመሰሉ የብዙ ጠዋቶች ወኪል ናት። የ12 ደቂቃ ጠዋት ዛሬ አንድ ጊዜ ስለመጣ አለቀ ማለት አይደለም። ነገም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ትመለሳለች።

በመጀመሪያው ዙር 70 አልወጣም። አማካዩ 15 ሆነ። በሁለተኛው ዙር 70 ሁለት ጊዜ ወጣና አማካዩ 25 ገባ። ልጄ ሳቀች፤ «ያቺ ሰኞ ብቻዋን ናት የምታምሰው» አለች። እኔ በቃላት ላስረዳት ብሞክር ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ የነበረውን ነው በራሷ ያየችው። ሒሳቡም ይደግፋታል። ከ12 ወረቀት እየመለሱ 12 ጊዜ ሲያወጡ፣ አንዷ ወረቀት ጭራሽ ሳትወጣ የመቅረት ዕድሏ 35 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት ዙር በአንዱ ያቺ ሰኞ የለችም ማለት ነው።

30 ዙር በእጅ ሄድን። ከዚያ ልጄ ሰለቻትና የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ተነሳች። ሲደብራት ብቻ ነው የቤት ሥራ ትዝ የሚላት። የቀረውን ላፕቶፑ ጨረሰው። 2,000 ዙር ለመሄድ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀበትም። ከ2,000ው አማካዮች መበታተን ያገኘሁት ስታንዳርድ ኤረር 4.8 ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ቀመር ደግሞ 5 ሊሆን ጥቂት የቀረው ቁጥር ይሰጣል። ልዩነቷ የመጣችው ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ ሲሰላ ቀመሩ ለ11 ሲያካፍል ጣሳው ለ12 ስለሚያካፍል ነው። ናሙናው ትንሽ ሲሆን ጣሳው መወዛወዙን ትንሽ ያሳንሰዋል፣ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው።

ቁም ነገሩ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። 2,000ውን አማካዮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩ። ከታች 50፣ ከላይ 50 ጣልኩ። የቀረው 95 በመቶው ነው። ከ12 ደቂቃ እስከ 31 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ቀመሩ በበኩሉ ከ20 ወደ ግራም ወደ ቀኝም 10 10 ይሄድና ከ10 እስከ 30 ይላል። ግራና ቀኙን እኩል ያደርጋል፤ የታክሲ ሰልፍ ግን እኩል አያውቅም። ሰልፍ ሲያጥር ቢያጥር ከዜሮ አይወርድም። ሲረዝም ግን ወሰን የለውም። ጣሳው ይህን አውቆታል። ወደ ታች 8 ብቻ ሲወርድ ወደ ላይ 11 ወጥቷል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከ12 እስከ 31 የሚወዛወዝ ቁጥር ላይ ነጥብ አድርጎ አሃዝ መጨመር ምን ይሉታል? ሻንጣን በወርቅ ሚዛን እንደመመዘን ነው።

ይህ የጣሳ ዘዴ ቡትስትራፕ ይባላል። ያወጣው ብራድሊ ኤፍሮን የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስሙ የመጣው የቦት ጫማውን ማንጠልጠያ ጎትቶ ራሱን በራሱ ወደ ላይ ስላነሳ ሰው ከሚወራው የፈረንጆች አባባል ነው። ካለህ ናሙና ሌላ ምንም ሳትጨምር የናሙናውን መወዛወዝ ማወቅ እንዲያ ያለ ተአምር ይመስላላ። ጓደኞቹ ሌላም ስም አቅርበውለት ነበር። «የሥጋ መጥረቢያ» ያለው አልጠፋም። እሱ ራሱ የወደደው «ሾትጋን» (ብትን ጥይት የሚተኩሰው ጠመንጃ) የሚለውን ነበር፤ የማንኛውንም ችግር ጭንቅላት ይበትናል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዝርክርክ የሚችል ካለ። እኔ ብሆን «ጣሳ» ነበር የምለው።

ቡትስትራፕ ከእሱ በፊት የመጣ ጃክናይፍ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ስሙን ያወጣለት ጆን ቱኪ የተባለ ሌላ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958። ጃክናይፍ ዕጣ አያወጣም። ከ12 ወረቀት አንዷን ያነሳና በቀሪዎቹ 11 ያሰላል፣ ይመልሳታል፣ ቀጣይዋን ያነሳል። 12 ጊዜ ብቻ ስለሆነ በእጅ ይሠራል። ቡትስትራፕ ግን ኮምፒውተር እስኪረክስ መጠበቅ ነበረበት። በእጅ 2,000 ዙር የሚታገስ ልጅ የት ይገኛል?

«ለአማካይ ቀመር ካለ ጣሳው ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአማካይማ ብዙም አያስፈልግም። ግን ለሰልፍ፣ ለደመወዝ፣ ለቤት ኪራይ አማካይ ጥሩ ቁጥር አይደለም። አንዲት ሰኞ ታበላሸዋለች። ሚዲያን ይሻላል፣ ማለትም ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው። የእኔ ሚዲያን 15 ደቂቃ ነው፣ ከአማካዩ 5 ደቂቃ ያንሳል። የሚዲያን ስታንዳርድ ኤረር በቀመር ልሥራ ቢሉ ግን ነገር ይመጣል። መሀሉ አካባቢ ቁጥሮቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚገኙ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ማንም አያውቀውም። ጃክናይፍም ሚዲያን ላይ ይሰናከላል። ለጣሳው ግን ሥራው ያው ነው። በየዙሩ አማካይ በማስላት ፈንታ መሀሉን ማየት ነው። የእኔው ከ11 እስከ 22 ተኩል ወጣ። የሀብታምና የድሃ የገቢ ልዩነት መለኪያ ቢሆን፣ የሁለት ቁጥሮች ሬሾ ቢሆን፣ ጣሳው አይመርጥም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልግባ። ይህን ዘዴ ስላወቅኩ ብቻ ሳልሳሳት አልቀረሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ አንድ የገጠር ፕሮጀክት ለውጥ አምጥቷል ወይ የሚለውን እንድተነትን ተሰጠኝ። 14 ቀበሌ፣ በየቀበሌው 30 ቤት፣ በድምሩ 420 ቤት። 420ውን ቤት በ420 ወረቀት አስቤ ኮምፒውተሩን ዕጣ አስወጣሁት። ከፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ክልሉ፣ ማለትም ከስንት እስከ ስንት የሚለው፣ ዜሮን አይነካም፤ ለውጥ አለ ማለት ነው። ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ተጨበጨበልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏችኋል እኔን ነው።

ማታ ተኝቼ ትዝ አለኝ። መረጃ ሰብሳቢ የነበረ ሰው እንዴት ይህን ይረሳል? የአንድ ቀበሌ ሰው ይመሳሰላል። ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፣ አንድ ጤና ኬላ ይሄዳል፣ ዝናቡ ሲቀር ለሁሉም ነው የሚቀረው። አንዱን ቤት ጠይቀህ ስትወጣ የጎረቤቱን መልስ ግማሹን ገምተኸዋል። ስለዚህ 420 ቤት እንደ 420 የተለያየ ምስክር አይቆጠርም። ጣሳው ውስጥ መግባት ያለበት ቤቱ ሳይሆን ቀበሌው ነው። 14 ወረቀት ብቻ። አንድ ቀበሌ ሲወጣ 30ውን ቤት ይዞ ይወጣል።

በማግስቱ እንዲያ ሠራሁት። ክልሉ እጥፍ ገደማ ሰፋ። ዜሮም ውስጥ ገባች። ለውጥ የለም አላልኩም፤ አለ ለማለት ግን በቂ ነገር የለንም። እንዲያውም 14 ራሱ ትንሽ ነው፤ የቦታዎቹ ቁጥር ሲያንስ ጣሳውም ክልሉን ከሚገባው በላይ ያጠብባል። ለአለቃዬ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ «ይሄ ከዚህ እስከዚህ የሚባለው ዓምድ አንባቢ ያደናግራል፣ ይውጣ» አሉኝ። ወጣ። ሪፖርቱ ታተመ። አማካዩ ብቻውን፣ ከነነጥቡ፣ በደማቅ ቀለም። ፊርማዬ ውስጡ አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የአገራችን ትልልቅ ጥናቶች እንዲህ አይደሉም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውሰዱ። 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር። 16,650 ቤተሰብና 15,683 ሴቶች ተጠየቁ። የተመረጠው ቤት ዝግ ከሆነ ጎረቤቱን መተካት አይፈቀድም፤ ተመልሶ መሄድ ነው። እግራችን ያውቀዋል። ያ ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች ብሏል። እዚህ ላይ ነጥቧ ሐቀኛ ናት፤ ያን ሁሉ ቦታና ያን ሁሉ ሴት ይዛ ነው የመጣችው። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ የናሙና ስህተት አባሪ አለ። የወሊድና የሕፃናት ሞት ቁጥሮች ስታንዳርድ ኤረር የተሰላው በዚያው በታላቅ ወንድሙ በጃክናይፍ ነው፤ አንዱን የቆጠራ ቦታ እያነሱ በቀሪው ማስላት። ቤቱን ሳይሆን ቦታውን ነው የሚያነሱት። ልብ በሉልኝ።

ችግሩ ያንን አባሪ የሚያነበው ጋዜጠኛ አለማጋጠሙ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ይወሰዳል፣ አባሪው እዚያው ይቀራል።

ጣሳው ሁሉን ያድናል እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ልጄ «ታዲያ ከዚህ የባሰ ቀን ይመጣል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ጣሳው መልስ የለውም። ጣሳ ውስጥ ከ70 የሚበልጥ ወረቀት የለም፣ ስለዚህ 2,000 ዙር ቢሄዱ 71 አይመጣም። ሰልፉ ላይ ግን ሊመጣ ይችላል። ቀኖቹም እርስ በርስ የሚሳሳቡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ነዳጅ ሲጠፋ መጥፎ ቀን መጥፎ ቀንን ስለሚያስከትል፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ተከታታይ ቀኖችን በዘለላ ማውጣት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጣሳው ያልገባበትን አያውቅም። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው የምሰለፈው። በ3 ሰዓት የሚወጣ ሰው ወረቀት እዚያ የለም። ስለዚህ «የቴሌግራም ቻናላችን ላይ 40 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጥቷል» ስትሉን አትኩራሩብን። ቻናላችሁን የማይከተል ሰው ጣሳው ውስጥ የለም። 40 ሺህም ሆነ 400 ሺህ፣ የሌለ ወረቀት አይወጣም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የናሙና ቁጥር ስታትሙ ሦስት ነገር ጨምሩልን። ስንት ሰው፣ ከስንት ቦታ፣ ከስንት እስከ ስንት። አንድ መስመር ይበቃል፣ ማስታወቂያ አይሻማም። ጥናቱን የሰጣችሁ አካል ሦስተኛውን ካልያዘ «ለምን?» በሉት። «ቀመሩ ከባድ ነው» ካላችሁ አትመኑት። ከ1979 ወዲህ ያ ሰበብ አይሠራም፤ ላፕቶፕ ካለው አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ላፕቶፕ ከሌለው ጣሳዬን አውሰዋለሁ። መልሶ ካመጣልኝ።

ዛሬ ጠዋት 35 ደቂቃ ቆምኩ። ይህን ደብዳቤ ግማሹን በስልኬ የጻፍኩት እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። ማታ 13ኛዋን ወረቀት እጨምራለሁ፤ ልጄ ግን በእጅ ዳግመኛ አላወጣም ብላለች።

ከአክብሮት ጋር
የጀሞው ተሰላፊ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ